ተማሪውን የማዳመጥ ሙያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ኮሌጅ መምህርነት እንድናገር ሲጋብዘኝ በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ጥያቄዎችን አያይዞ ነበር። መምህሩ በሥራው ውጤታማ፣ ለተማሪውም አሳቢ የሚሆነው እንዴት ነው የሚሉ ናቸው። እኛ መምህራን ግን እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ማየት የለመድን ይመስለኛል። ጠንካራ የምንለው መምህር አንድ ነው፤ ደግ የምንለው ሌላ። ጠንካራው ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ፈተናው ያስፈራል። ደጉ ነጥብ ይጨምራል፣ የቀረውንም ተማሪ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ጥንካሬውም ሆነ አሳቢነቱ ከአንድ ሥራ የሚመነጩ ናቸው፤ ይኸውም ተማሪው በልቡ የሚያስበውን ለማወቅ መድከም ነው። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ያቀረብሁት የፈተና ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ሰው 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ ተሸክሞ ሳይነቃነቅ ለ10 ደቂቃ ቢቆም፣ በጆንያው ላይ የሠራው ሥራ ምን ያህል ነው? እንደምታውቁት በፊዚክስ ሥራ ተሠራ የሚባለው ኃይል ያረፈበት አካል በኃይሉ አቅጣጫ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ጆንያው ስላልተንቀሳቀሰ መልሱ ዜሮ ነው። አንድ ተማሪ ግን የጆንያውን ክብደት 490 ኒውተን ብሎ ካሰላ በኋላ በ600 ሰከንድ አባዝቶ 294,000 የሚል ቁጥር ጻፈ። ከሥሩም በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ነበር። እኔ ቁጥሩን አይቼ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍሁ።

ውጤት በተለጠፈ ማግሥት ያ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቀና ሳልል «ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል» አልሁት። እጅ ነሥቶ ሄደ። በሴሚስተሩ መጨረሻም በውጤት ጉድለት ከተሰናበቱት መካከል ስሙን አየሁት። ያሰናበተው የእኔ ፈተና ብቻ ነው ለማለት አልችልም፤ አልነበረበትም ለማለት ግን ከቶ አልችልም።

ከአራት ዓመት በኋላ ቢሮ ስቀይር የድሮ ወረቀቶችን ለመጣል ስለይ ያች የፈተና ወረቀት እጄ ገባች። ያኔ ያላነበብሁትን ዓረፍተ ነገር አነበብሁት። «እርስዎ ዜሮ ብለውናል፤ ታዲያ ሰውዬው ለምን ይደክመዋል?» የሚል ነበር።

ባልደረቦቼ፣ በዚያ ሴሚስተር ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር። መልስም አለው። ጠረጴዛ ያንን ጆንያ ዓመት ቢሸከም ምንም ኢነርጂ አያወጣም። የሰው ጡንቻ ግን ዝም ብሎ የቆመ ሲመስል እንኳ በውስጡ ያሉት ጭረቶች ሳያቋርጡ እየተኮማተሩና እየላሉ፣ ከምግብ የተገኘውን ኢነርጂ እየፈጁ ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በጆንያው ላይ የተሠራ ሥራ የለም፤ በሰውዬው አካል ውስጥ ግን ብዙ ኢነርጂ ይጠፋል። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ተማሪው ትምህርቱን አልሰማም የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም፤ ሰምቶ፣ በኑሮ ከሚያውቀው ጋር አስተያይቶ፣ አልገጥም ስላለው ጠየቀኝ። ምናልባት በትከሻው ጆንያ የተሸከመ ልጅ ይሆናል። ስላልጠየቅሁት አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ነው የራሴን ክፍል ማየት የጀመርሁት። መጀመሪያ ያፈርሁባት ቃል «ገባችሁ?» የምትለው ናት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላት ብትቆጥሩ ትደነቃላችሁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በእኛ አስተዳደግ ልጅ በታላቅ ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው፤ መምህርን «አልገባኝም» ማለትም መምህሩን አላስረዳህም ብሎ እንደ መውቀስ ይቆጠራል። ስለዚህ የክፍሉ ጸጥታ መግባባትን ሊያመለክት ይችላል፣ ግራ መጋባትን ሊያመለክት ይችላል፣ ረኃብንም ሊያመለክት ይችላል። መምህሩ ከዚህ ጸጥታ የሚረዳው ነገር የለም። አሁን ጥያቄዬን ለውጬ፣ «ይህን ለታናሽ እህታችሁ ብታስረዱ በምን ትጀምራላችሁ?» እላለሁ፤ ለዚህ «አዎ» መልስ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ የምጠብቀው ጊዜ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎች መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ጊዜው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ አጥተው ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ ከዚያ በፊት የማይናገሩትም መናገር ጀመሩ። እኔም አንድ ቀን ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ራሴን ብለካ ከዚያች አንድ ሰከንድ ብዙም አልራቅሁም። ሦስት ሰከንድ አጭር የሚመስለው ቆሞ ላልጠበቀ ሰው ነው። የእኛ ተማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል፤ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አስቦ፣ መልሱን መልሶ በእንግሊዝኛ ማሰናዳት አለበት።

ቋንቋን ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። የኮሌጅ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ የተወሰነ ስለሆነ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ አቀርባለሁ፤ ፈተናውንም እንዲሁ። ነገር ግን በየክፍለ ጊዜው አጋማሽ አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ሁለት ሁለት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ እንዲከራከሩበት፣ ከዚያም መደምደሚያውን በእንግሊዝኛ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ ይሰማል። እኔ የማልረዳው ክርክር በፊቴ ሲካሄድ መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ አፉን ያልከፈተ ተማሪ በራሱ ቋንቋ እጁን እያወራጨ ጓደኛውን ሲያርም አየሁ። መጠንቀቅ ያለብን ግን አንድ ነገር አለ፦ በክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን የሚጋራው ያጣ ተማሪ ብቻውን እንዳይቀር ጥንድ የማደርጋቸው እኔ ራሴ ነኝ።

ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔም እል ነበር። ሪቻርድ ሄክ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ። በ62 የፊዚክስ ኮርሶች ውስጥ የነበሩ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን መርምረው፣ መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ኮርሶች ተማሪዎቹ ሊያሻሽሉት ይችሉ ከነበረው ውስጥ ያሻሻሉት በአማካይ 23 ከመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ በሚወያዩባቸው ግን 48 ከመቶ መድረሱን ገልጸዋል። የሚደንቀው፣ መምህሩ ብቻ ከሚናገርባቸው ኮርሶች አንዱም ወደዚህ ሁለተኛ አማካይ አለመጠጋቱ ነው፤ ከመካከላቸው ጥሩ ተናጋሪ መምህራን ሳይኖሩ አይቀሩም።

«90 ተማሪ ይዤ የእያንዳንዱን ሐሳብ እንዴት ላዳምጥ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ተቀምጦ ያሰናዳውን ቅኔ በየኔታ ፊት ቀርቦ ይቆጥራል፤ የኔታም ሰምተው ያርሙታል። በቆሎና በለመና እንጀራ የሚኖረው ተማሪ ከየደብሩ ተሰዶ የሚመጣው መምህሩ የእርሱን ቅኔ ስለሚሰሙለት ጭምር ነው። እኛ ያን ማድረግ አንችልም። እኔ የማደርገው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቁራጭ ወረቀት አሳድላለሁ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከሳምንቱ ትምህርት ያልገጠመውን አንድ ነገር ስሙን ሳይጽፍ፣ ከፈለገም በአማርኛ፣ ይጽፍልኛል። 90 ቁራጮችን ማንበብ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥብኝም። አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሰኞ ጧት የምጀምረው ከእነርሱ ነው። አንድ ጊዜ ከቁራጮቹ በአንዱ ላይ «ከኋላ ሰሌዳው አይታይም» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ፤ በዚያ አዳራሽ ሦስት ዓመት አስተምሬ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ ሰሌዳውን አይቼ አላውቅም ነበር። ስም እንዳይጻፍ ማድረጌ ደግሞ ጉዳት አለው፤ የተቸገረውን ለይቼ መጥራት አልችልም። ስለዚህ በቢሮ ሰዓቴ በሬን ክፍት አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ለሚመጣ ተማሪም ወንበር አለ።

አሁን ስለ ነጥብ አንድ ቃል ልናገር። ለተማሪ ማዘን ማለት ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ ማሳለፍ አይደለም። በ2014 እና በ2015 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ ከመቶ ሦስት ከፍ ያለ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህም አቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጀምሮ ብዙዎቹ በዚያ በኩል መጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በደግነት ነጥብ የተጨመረለት ተማሪ ደግ መምህሩ በሌለበት አዳራሽ ብቻውን ይቀመጣል። ዝቅተኛ ነጥብ ስሰጥ አላፍርም፤ ግን ለምን እንደሰጠሁ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ተማሪው የጻፈውንም ከጥግ እስከ ጥግ አነባለሁ።

የደመወዙንና የክፍለ ጊዜውን ብዛት ሳላነሣ ያለፍሁት ማኅበሩ ለብቻው ስለያዘው ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር እያንዳንዳችን አንድ ባልደረባ መርጠን፣ እርሱ በሚያስተምርበት ክፍል አንድ ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ እንቀመጥ፤ እርሱም በእኛ ክፍል ይቀመጥ። ሰዓት ይዘን ከጥያቄው በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ፣ ከተማሪዎቹም ስንቶቹ እንደተናገሩ እንመዝግብ። ለአለቃ የሚቀርብ ሪፖርት አይሁን፤ በሁለቱ መካከል ይቅር። በሚመጣው ዓመት ስብሰባ ያገኘነውን ለመነጋገር ግማሽ ቀን እንዲመደብልን ኮሚቴውን እጠይቃለሁ።

 አሁን የእናንተን ጥያቄ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።