ወደ አባያ ሐይቅ ከመውረዳችን በፊት
(የማኅበሩ ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ከጊፋታ በኋላ ልጆቻችን በሞተር ጀልባ አባያ ላይ ሊንሸራሸሩ አስበዋል። ደግ ነው። ነገር ግን ክረምቱን የቆመ ሞተር ገመዱ ሲሳብ ስለተነሣ ብቻ አይታመንም። የከረመው ቤንዚን ይውጣ፤ ሐይቁ ውስጥ ግን እንዳይደፋ። ካንዴላው ተፈትቶ ይጽዳ። የማርሹ ዘይት ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሞተሩን በደረቅ መሬት ማስነሣትም አይገባም፤ የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነውና የውሃ ፓምፑ ይበላሻል። መጀመሪያ ሰው ሳይጫን ዳር ዳሩን ይሞከር፣ መቅዘፊያም አይረሳ።

እኔን የሚያሳስበኝ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ነው። በሰው ልክ ካልተገኘ ጉዞው ይቅር። «ዋና እችላለሁ» የሚል ጎረምሳ መቼም አይጠፋም፤ አባያ እኮ አዞና ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ነው! ጃኬት ያላችሁ እስከ እሑድ አስመዝግቡ።