በቀድሞ ዘመን የስፖርት መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ስለ መግጠም

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ለሥራ የሚያውለው ሲሶውን እንኳ በማይሞላበት ዘመን የተሠሩ መኪናዎች ዛሬም በመንገድ ላይ ይታያሉ። የተረፈው ኃይል ሙቀት ነው። ከፊሉ ከጭሱ ጋር ሲወጣ፥ ከፊሉን ውኃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል፤ ራዲያተሩም ለነፋስ ያስረክበዋል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ይመጣል፤ ሲቆም ግን ነፋሱን የሚስብ ማራገቢያ፥ በጋራዥ አጠራር ፋን፥ ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግር ርእስም በእነዚህ አሮጌ የስፖርት መኪናዎች ላይ በሞተሩ የሚዞረውን ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ስለ መተካት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው ኤምጂቢ ነው። ይህ መኪና፥ ክፍቱና ጣራ ያለው ተደምሮ፥ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ባለ አራት ሲሊንደርና 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ሞተሩ ማራገቢያውን በውኃ ፓምፑ ዘንግ ላይ በቺንጋ ያዞረው ነበር። ለውጡ ለፋብሪካዎቹም እንግዳ አልነበረም። ጃጓር ኢ-ታይፕ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ኤምጂቢ ጂቲ ሁለት ነበሩት፤ ባለ አራት ሲሊንደሩም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ራዲያተሩ ወደ ፊት ተወስዶ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይቀዘቅዝ ነበር። እንግዲህ የሚያከራክረው ጉዳይ ለውጡ በምን ሁኔታና በምን ጥንቃቄ ይደረግ የሚለው ነው።

በሞተሩ የሚዞር ማራገቢያ ከአሠራሩ የመጣ አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ፍጥነቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። መኪናው በመብራት ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፥ ማለት ነፋስ አብዝቶ በሚፈለግበት ሰዓት፥ ማራገቢያው በዝግታ ይዞራል። በአውራ ጎዳና ላይ በሚሮጥበት ጊዜ ደግሞ የመንገዱ ነፋስ በቂ ሆኖ ሳለ በከንቱ ይጮኻል። የማራገቢያ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚበላው ጉልበት ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ብክነቱ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪኩ ማራገቢያ በሚያስፈልግበት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል፤ በማያስፈልግበት ጊዜ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ብዙ ባለ መኪናዎች ይህን ዕቃ የሚገዙት ሞተራቸው ስለ ጋለ ብቻ ነው፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሙቀቱ የሚነሣው መቼ እንደ ሆነ ነው። በመኪና ሰልፍ ውስጥ እየጨመረ፥ መንገዱ ሲከፈት የሚወርድ ከሆነ የጎደለው ነፋስ ነው፤ ማራገቢያውም ይረዳል። በፍጥነት ወይም በዳገት የሚጨምር ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የተደፈነ ራዲያተር፥ ዘግይቶ የሚመጣ የማቀጣጠያ ብልጭታ፥ ወይም የተበላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ማራገቢያ መግጠም ሕመሙን ይሸፍን እንደ ሆነ እንጂ አያድነውም፤ ራዲያተሩ ፊት ከተቀመጠም የነፋሱን መንገድ በከፊል ስለሚዘጋ ያብሰዋል። ውጤቱ የተጣመመ ቴስታታ ሲሆን፥ ለዚህ ዘመን ሞተር መለዋወጫ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም የማያውቅ አባል የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች የሚጠቀሙት በዲናሞ ነበር፤ ዲናሞውም በሙሉ ኃይሉ የሚሰጠው 22 አምፔር ነው። የፊት መብራቶቹ 8 አምፔር ያህል፥ ማቀጣጠያው 4 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ የ100 ዋት ማራገቢያ ሲጨመር ሌላ 8 አምፔር ይፈለጋል። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ይበቃል። ነገር ግን ዲናሞ በሚኒሞ የሚሰጠው ከሞላ ጎደል ምንም ነው፤ ማራገቢያውም የሚነሣው በዚያው ሰዓት ነው። በሌሊት በሰልፍ ውስጥ የቆመ መኪና ስለዚህ ማራገቢያውንም መብራቱንም የሚያሠራው ባትሪውን እየበላ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና አነስተኛ ማራገቢያ መምረጥ፥ ወይም ዲናሞውን በአልተርኔተር መተካት ግድ ይሆናል።

ከዚህም በላይ በነዚሁ የቀድሞ መኪናዎች ላይ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ ሽቦዎቹን በዘመናዊው ልማድ ሲያያይዛቸው የማራገቢያው ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ነፋሱንም ከመንገዱ ነፋስ ጋር ያጋጫል። ማራገቢያው እየጮኸ መኪናው ሲግል የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ብጣሽ ወረቀት ወደ ራዲያተሩ ፊት ማስጠጋት ነገሩን ይገልጠዋል፤ ነፋሱ በትክክል የሚሄድ ከሆነ ወረቀቱ ይለጠፋል። የማራገቢያው ኃይል በአሮጌው መቀያየሪያ ሳይሆን በሪሌ በኩል ማለፍ ይገባዋል፤ ፊውዙም ከኃይሉ ምንጭ አጠገብ ይቀመጣል። ፊውዝ የሌለው ሽቦ አካሉን ነክቶ ሲላጥ የሚያነሣው እሳት መኪናውን በሙሉ ይፈጃል።

የሙቀት መቀያየሪያው የሚነሣበት ልክ ከቴርሞስታቱ በላይ መሆን አለበት። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ከሆነ ማራገቢያው በ90 ዲግሪ አካባቢ ተነሥቶ በ85 አካባቢ ቢቆም ይስማማል። ከ82 በታች ከተደረገ ማራገቢያው ዕረፍት አያገኝም። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስባል። በከተማይቱ ከፍታ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአየሩም ክብደት በባሕር ወለል ካለው ሲሶ ያህል ሳይሞላ አምስተኛው እጅ ያህል ስለሚጎድል ማራገቢያው የሚያሳልፈው ነፋስ ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ውኃው ማራገቢያው ገና ሳይነሣ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ሳይፈትሹ መቀያየሪያውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

አገጣጠሙን በተመለከተ፥ ቦታ ከተገኘ ማራገቢያው ከራዲያተሩ በስተኋላ ሆኖ ነፋሱን ቢስብ ይመረጣል። ማራገቢያውን በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ማንጠልጠል ግን ንዝረቱ ቱቦዎቹን እየፈጨ ስለሚበሳቸው መወገድ ያለበት ልማድ ነው፤ ብረት መያዣ ሠርቶ በራዲያተሩ ፍሬም ላይ ማሰር ይገባል። አሮጌው ማራገቢያ ሲወልቅ የያዙት ብሎኖች ለእርሱም ውፍረት የተለኩ ስለ ሆኑ በአጫጭር ይለወጣሉ። ቺንጋው ፓምፑንና ዲናሞውን ስለሚያዞር በቦታው ይቀራል። በአካሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፤ የወለቀውም ዕቃ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ወደ ፊት መኪናውን የሚረከብ ሰው ወደ ጥንተ መልኩ ሊመልሰው ይፈልግ ይሆናልና።

በመጨረሻ ሥራው የሚረጋገጠው በፈተና ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ለግማሽ ሰዓት ይሠራል፤ ማራገቢያው ተነሥቶ መቆሙ፥ ደግሞም መነሣቱ ይታያል። በባትሪው ላይና በማራገቢያው ላይ ያለው ቮልት ይለካል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም መያያዣው ላልቷል ማለት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ የተገጠመ ማራገቢያ የሚፈታው መኪናው በሰልፍ መካከል በቆመበት ሰዓት ነው። ሙቀቱን መርምሮ፥ ኃይሉን አስልቶ፥ የሠራውን ፈትኖ የሚያስረክብ ባለሙያ ግን የስድሳ ዓመት ሞተር በዛሬው የተጨናነቀ መንገድ ላይ ሳይጨነቅ እንዲሄድ ያደርገዋል።