በሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ማሰብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የንድፍ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንድ ልምምዳችን ልንነግራችሁ ቆመናል። ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። ነገ ከዚህ ከመንዝ ደጋ ወርደን ሥራ ለምንፈልገው ለእኛ ግን ትልቅ ነው።

ንድፍ ማለት ሥዕል ማሳመር ብቻ አይደለም። የሰውን ችግር መርምሮ፤ የሚጠቅመውን ነገር ከመሠራቱ በፊት በሐሳብ መሥራት ነው። ቤቱም፤ ወንበሩም፤ በስልክ ላይ የምናየው ገጽም አስቀድሞ ይነደፋል። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ነዳፊ ሲቀጥሩ፤ የምስክር ወረቀቱንና የቀድሞ ሥራውን ካዩ በኋላ በነጭ ሰሌዳ ፊት ያቆሙታል። «ለዐይነ ስውር መንገደኛ የአውቶቡስ ማቆሚያ ንደፍልን» የሚል ወይም ይህን የመሰለ ጥያቄ ይሰጡታል። ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። ፈታኞቹ በዚህ አጭር ጊዜ ያለቀለት ሥራ አይጠብቁም፤ የሚፈልጉት የሰውዬው አስተሳሰብ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው።

ከእኛ በፊት የተማረ አንድ ታላቅ ወንድማችን እንዲህ ካለው ፈተና ገባ። እጁ የተባረከ ሰው ነው። ጥያቄውን እንደ ሰማ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መልሶ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ 40 ደቂቃ ሙሉ ሣለ። ሥዕሉ አማረ፤ ሥራውን ግን አላገኘም። «ምን እያሰብህ እንደ ነበረ ልናውቅ አልቻልንም» አሉት። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ይህን አጫውቶን ሲያበቃ «በትልልቅ ሰዎች ፊት ዝም ማለት ጨዋነት መስሎኝ ነበር» አለን። እኛም እንደ እርሱ ያደግን ነንና ቃሉ ሁላችንንም ነካን።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ከትምህርት በኋላ እንለማመዳለን። ነጭ ሰሌዳ ባይኖረንም ጥቁሩ ሰሌዳና ጠመኔው ይበቃናል። አራት አራት ሆነን አንዱ ይነድፋል፤ አንዷ ትጠይቃለች፤ አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዷ የተባለውን ትጽፋለች። የምንሰጠው 45 ደቂቃ ነው። 10ሩ ለጥያቄ፤ 5ቱ ነገሩ ለማን እንደሚሠራ ለመለየት፤ 15ቱ ልዩ ልዩ መንገድ ለመፈለግ፤ 10ሩ የተመረጠውን ለመሣል፤ የቀረው 5 የራስን ሥራ ለመፈተን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በጓሳ አፋፍ ከብት ለሚጠብቅ እረኛ የዝናብ ልብስ ንደፍ» የሚል ነበር። ነዳፊው ጓደኛችን ወዲያው ባለ ስድስት ቁልፍ ካፖርት ሣለ። ጠያቂዋም «እጁ በውርጭ ሲደነዝዝ ማን ይቆልፍለታል? ጅራፉን ሲያነሣስ አያንቀውም? ቢቀደድ በምን ይጠግነዋል?» አለችው። መልስ አልነበረውም። በኋላ አባቶቻችን ከጓሳ ሣር የሚሠሩትን ጌሳ አምጥተን ተመለከትን። ቁልፍ የለውም፤ ጣል ተደርጎ ይኬዳል፤ ውሃውም ሣሩን ተከትሎ ይወርዳል። ቢጎዳ ደግሞ መጠገኛው ሣር በአገር አለ። ይህን የፈለሰፈ ሰው እጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠይቆ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበደ፤ «ሁሉም የሚፈልገው የጓሳ ሣር ሳያልቅ ለሁሉም እንዲደርስ ሥርዓት ንደፉ» ይላል። ቤት ከዳኙን፤ ገመድ ፈታዩን፤ ማገዶ ለቃሚዋን፤ በድርቅ ዘመን መሰማርያ የሚያጣውን ባለ ከብት በሰሌዳው ላይ ጻፍን። ከኋላ የተቀመጠች እኅታችን «ቀይ ቀበሮስ? እርሱ ለስብሰባ አይመጣም እንጂ የሚበላቸው አይጦች የሚኖሩት በዚሁ ሣር ውስጥ ነው» ብላ አስጨመረችን።

ለዚህ ጥያቄ አያቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት መልሰውለት ነበር። ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጠባቂ ይቆምለታል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ግን ሥርዓቱ የቆመበት የርስት ይዞታ ቀረ፤ ሥርዓቱም አብሮት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተሰብስቦ አዲስ ደንብ ማውጣት ግድ ሆነበት። ከዚህ የተማርነው፤ መልካም ንድፍም ቢሆን የቆመበት መሬት ሲለወጥ እንደ ገና መጠየቅ እንዳለበት ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ማውራት ደግሞ ሥራ ነው?» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን በድሮው ችሎት «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ ሲከራከሩ፤ ጠይቆና ምክንያት ሰጥቶ መናገር የተከበረ ሙያ ነበር። ስለዚህ በሥርዓት መናገር ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከቤታችን ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፈተና ጉድለት የለውም አንልም። አንደበተ ርቱዑን ይጠቅማል፤ ዓይናፋሩን ይጎዳል። እውነተኛ ሥራ በ45 ደቂቃ አያልቅም፤ የጓሳን ደንብም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያወጣው የለም። ከዚህም በቀር ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት በቃሉ ያጠና ሰው፤ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ይጠፋዋል። ይህ በእኛም ላይ ደርሷል። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንመክረው ጥቂት ነው። ጠመኔውን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ለማን እንደምትሠሩ በግልጽ ተናገሩ። ከአንድ በላይ መንገድ አሳዩ፤ የተዋችሁትንም ለምን እንደ ተዋችሁት አስረዱ። በመጨረሻም የሥራችሁን ጉድለት ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ንገሩ።

እናንተ መምህራኖቻችን፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰሌዳውን ስላዋሳችሁን እናመሰግናለን። እናንተም ወላጆቻችን፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁን፤ መልሳችንንም እስከ መጨረሻው ስሙን። ልጅ በእናትና በአባቱ ፊት ሐሳቡን ካላስረዳ፤ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ሊያስረዳ አይችልም።

ያ ታላቅ ወንድማችን ባለፈው ዓርብ ከእኛ ጋራ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ነበር። እየተንተባተበ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ ሦስተኛውን ግን ከጥያቄ እስከ ጉድለቱ ድረስ እየተናገረ ጨረሰ። በሚመጣው ወር እንደ ገና ይፈተናል። እባካችሁ ስታገኙት አበርቱት።