የአሮጌዋ መርሴዲስ ኤሲ

እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራች፣ ኤሲ ያላት መርሴዲስ ደብልዩ 123 አለችዎት እንበል። ኤሲዋ የተሠራው አር 12 ለሚባለው ጋዝ ነው። ጋዙ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ከገበያ እንዲወጣ አደረገው። ምትኩ አር 134ኤ ነው።

ታዲያ “አዲሱን ሙላልኝ” ብሎ ነገር የለም! የድሮው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ ኮምፕሬሰሩ ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። ስለዚህ መስመሩ ይታጠባል፣ ኤስተር ዘይት ይገባል፣ ድራየሩና የጎማ ኦሪንጎቹ ይቀየራሉ። የሚያሾልክ ቦታ ካለ አስቀድሞ ይጠገናል። ከዚያ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ችኩል መካኒክ የሚዘለው ይህንኑ ነው፣ አጠገቡ ይቁሙ። ጋዙ ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይበቃል። ከበዛ ግፊቱ ይንርና ቅዝቃዜው ይቀንሳል። መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም ሙቅ አየር ከተነፈሰች፣ ኮንደንሰሩ ላይ ተጨማሪ ፋን ያስገጥሙ።