ስለ ምሽቱ የቪዲዮ መጨናነቅ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ማታ ማታ ቪዲዮ እየቆመ አስቸገረን ያላችሁትን ማኅበራችን ሰምቷል። የኔትወርክ ታወር አቅሙን የሚያካፍለው በዚያ ሰዓት ለሚጠቀመው ሁሉ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሁላችንም ድራማ ስንከፍት፣ ለፈተና የሚያጠናው ልጅ ትምህርቱ ይቆምበታል።

ኔትፍሊክስ እንኳ ብዙ ሰው የሚያያቸውን ፊልሞች፣ ተመልካች በሚያንስበት ሰዓት፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ ባስቀመጣቸው ማከማቻዎች ቀድሞ ይሞላል፤ ማታ ሁሉንም ከሩቅ አያስመጣም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜም አውሮፓ ውስጥ መስመር እንዳይጨናነቅ ብሎ የቪዲዮውን መጠን ቀንሶ ነበር።

እኛስ ድራማውን ጠዋት አውርደን ብናቆይ፣ ማታ ካየንም ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ ብናደርግ ምን ይጎድልብናል? በስልክ ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም። ቪዲዮ ከፍቶ ትቶ ቡና ማፍላትማ ይቅር!

ተማሪ ያለባችሁ ቤቶች የጥናት ሰዓታቸውን እስከ ዓርብ ለጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ።