አምስት ደቂቃ ማይኩ ፊት

እሷ፦ ኒው ዮርክ ውስጥ «ዘ ሞዝ» የሚባል መድረክ አለ። ደራሲው ጆርጅ ዶስ ግሪን በ1997 እ.ኤ.አ. የራሱ ሳሎን ውስጥ የጀመረው ነው።

እሱ፦ ተረት ነው የሚያወሩት?

እሷ፦ ኧረ የምን ተረት! በራስ ላይ የደረሰ እውነት ብቻ። ወረቀት ማየት የለም።

እሱ፦ ማን ይናገራል ታዲያ?

እሷ፦ የውድድር ምሽት አላቸው፤ የፈለገ ሁሉ ስሙን ይጥላል፤ በዕጣ ይወጣል። ከወጣልህ 5 ደቂቃ አለህ።

እሱ፦ አምስት? እኛ ጋ እኮ ለሰላምታም አይበቃም!

እሷ፦ ለዚህ እኮ ነው ዙሪያ ጥምጥም የሌለው። ተራኪው ከሥራ ከተባረረበት ጠዋት፣ ሠርጉ ከፈረሰበት ቀን ይጀምራል። ከዚያ ከተመልካቹ መሃል የተመረጡ ዳኞች ከ10 ነጥብ ይሰጡታል።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የሰው ሐዘን 8.4 ተባለ ማለት እኮ ነው!

እሷ፦ ነጥቡ ለአተራረኩ ነው እንጂ።

እሱ፦ ቢሆንም። እኔ ሸገር 102.1 ሬዲዮ ላይ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» እመርጣለሁ። ጠያቂ ሲኖር ሰው ሊዘለው ያሰበውንም ያወጣል።

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን እዚያ የሚጋበዘው ባብዛኛው ስም ያለው ሰው ነው። ዕጣው ለታክሲ ሾፌሩም ይወጣል።

እሱ፦ እሺ፣ በዚህስ ተረታሁ። ነጥብ ግን አልሰጥም!