ጨጓራን የሚጠብቁት ሲያቆስሉት
(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሚዛን አማን)



ስለ ጨጓራ እንድናገር ስትመርጡኝ እምቢ ልል ነበር፤ ሐኪም አይደለሁምና። ግን ሦስት ጊዜ ገንዘቤን አውጥቼ የተማርኩትን ለእናንተ በነጻ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ መጣሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ከጣቴ ደም ወስደው «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ» አሉኝ፤ መድኃኒቱን ገዝቼ ጨረስኩ። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ እንደገና በደም ተመረመርኩ፤ «አሁንም አለ» ተባልኩ። ለልጆቹ ዩኒፎርምና ደብተር ያስቀመጥኩትን ጀንፈል ሸጬ መድኃኒቱን ደገምኩት። በሦስተኛው ዙር ተበደርኩ። ቃጠሎው ግን አልለቀቀኝም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ምርመራው በምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «በደም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አስቀምጦ አስረዳኝ። በኋላም የላቦራቶሪ ትምህርት የተማረችው ልጄ በደንብ አብራራችልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ድሮ ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ብቻ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከታመሙ ሰዎች ጨጓራ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ። ሰው አላመናቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን የያዘ ፈሳሽ ራሱ ጠጣ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ግማሽ የሚሆነው ሰው ይህ ባክቴሪያ አለበት።

ታዲያ ጨጓራውን የሚያቆስለው ማነው? ባክቴሪያው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባክቴሪያው ጨጓራን በሸፈነው ንፍጥ መሰል ልባስ ውስጥ ይደበቃል። የጨጓራ ግድግዳ «ጠላት ገባ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ከደም ሥር ወጥተው ይጎርፋሉ። ጠላትን የሚገድሉበትን ኬሚካል ይረጫሉ። ጠላቱ ግን ልባሱ ውስጥ ስለተሸሸገ በቀላሉ አይደርሱበትም፤ ኬሚካሉ የራሳችንን ሥጋ ያቃጥላል። ጃርት ለማባረር ሌሊት በቆሎው ውስጥ ሲሯሯጡ በቆሎውን የሚረግጡ ጠባቂዎችን አስቡ። ልክ እንደዚያ ነው።

ደግነቱ፣ ሁሉም ጠባቂ ቁጡ አይደለም። «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችም አሉ። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሳያማቸው የሚኖሩት በከፊል በእነዚህ ምክንያት ነው። ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት የሚሆኑት ቁስለት ይይዛቸዋል፤ ከመቶው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ደግሞ ከብዙ ዓመት ቁጣ በኋላ ወደ ጨጓራ ካንሰር ሊደርሱ ይችላሉ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉትን ይሠራሉ። የደም ምርመራው የሚያገኘው ባክቴሪያውን ሳይሆን እነዚህን ነው። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም በደም ውስጥ ይቆያሉ። እኔ ለካ የዳነ በሽታ ነበር የማክመው! በሰገራ ሲመረመር ባክቴሪያው የለም።

«ታዲያ ምን አቃጠለኝ?» አልኩት። «ለወገብሽ ምን ትወስጃለሽ?» አለኝ። በቡና ለቀማ ወራት ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ፣ አንዳንዴም በባዶ ሆዴ እውጥ ነበር። ለካ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ልባስ ያሳሳሉ። እሱን አቆምኩ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ኦሜፕራዞል ወሰድኩ፤ ዳንኩ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በእኛ በሴቶች ላይ ይበዛልና። አንዳንዴ ምንም ጠላት ሳይኖር እነዚሁ ጠባቂዎች ተሳስተው የጨጓራን ሴሎች ያጠቃሉ። ያኔ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ መውሰድ ያቅተዋል። ድካም፣ የደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝ ይመጣል። የደም ማነሷ በብረት ክኒን አልስተካከል ያላት እህት ካለች፣ ይህንንም ለሐኪም ትጠይቅ። በመርፌ የሚሰጥ ቢ12 ይረዳል።

እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ የምትይዙት ይህን ነው። ምርመራው በሰገራ ይሁን። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት፣ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ለአራት ሳምንት ያልተወሰደ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ባክቴሪያው ከተገኘ፣ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ የ14 ቀን ነው፣ እስከ መጨረሻው ይዋጥ። ቀለል አለኝ ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቆም የተረፈውን ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል። መዳናችሁን የምታረጋግጡትም ከጨረሳችሁ ከአራት ሳምንት በኋላ በሰገራ ምርመራ ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ወይም ምግብ አልዋጥ ካለ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚገባው በልጅነት፣ በቤት ውስጥ ነው። ውኃ እናፍላ፣ ከሽንት ቤት በኋላ በሳሙና እንታጠብ፣ ለሕፃን አኝኮ ማጉረስን እንተው። ቡናችሁን ግን ባክቴሪያ ያመጣል ብላችሁ አትክሰሱት፤ የሚያቃጥላት ትቀንስ፣ በባዶ ሆድ አትጠጣ።

አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። መድኃኒቱን ከግማሽ የምናቋርጠው አንዳንዴ ባለማወቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብ ስለሚያልቅብን ነው። ከማህበራዊ ፈንዳችን ለሰገራ ምርመራና ለሙሉ መድኃኒት ያለ ወለድ የምናበድርበት ትንሽ ድርሻ እንለይ። በየስብሰባው ከምናዋጣው ጥቂት ብር ብናስቀምጥ፣ ማናችንም የልጆቿን ደብተር ገንዘብ ለዳነ በሽታ አትከፍልም፤ ላልዳነ በሽታም መድኃኒት አታቋርጥም። እጃችሁን አውጥታችሁ ድምፅ ስጡበት።